ከራት በኋላ የሚጻፍ ኮድ

በዚህ ዓምድ የድረ ገጽ ፕሮግራም ሠሪዎችን ሥራና ኑሮ የሚመለከቱ የአንባቢያን ጥያቄዎች ይስተናገዳሉ። ለዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎችን መርጠናል፤ የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚሻ አብዛኛውን ቦታ የወሰደው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ስሆን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከአያት ተነሥቼ ቦሌ የምደርሰው 2 ሰዓት ግድም ነው፤ የደንበኞችን «ትንሽ ማስተካከያ» ስሠራ እውልና ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴ እገባለሁ። ባለፉት ሦስት ዓመታት አምስት የራሴን ፕሮጀክቶች ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። አሁን ደግሞ ስድስተኛውን አስቤአለሁ። እናቴ የሠፈራችን እቁብ ጸሐፊ ናት። 40 አባላት በየሳምንቱ እሑድ 2000 ብር ይጥላሉ፤ እርሷም ሁሉንም በአንድ ደብተር ትይዛለች። የከፈለው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያልከፈለው በቀይ ይጻፋል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ስሙ ይከበባል፣ ከጎኑም የዋሱ ስም ይሰፍራል። ይህን ወደ ድረ ገጽ ልለውጠው፣ አባላቱ በስልካቸው እንዲከፍሉና ዕጣውም በኮምፒውተር እንዲወጣ ላደርግ፣ ቆይቼም ለሌሎች እቁቦች ልሸጠው አስባለሁ። እንደ ሌሎቹ ተጀምሮ እንዳይቀር ግን ፈራሁ። ልጀምረው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ይጀምሩት። ምክንያቱንም ራስዎ ጽፈውልናል። ስለ አምስቱ ያላለቁ ፕሮጀክቶች የሰጡን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፣ ስለ ስድስተኛው ግን የእስክሪብቶውን ቀለም ሳይቀር ነግረውናል። ከዚህ ተነሥተን አምስቱ ማን እንደሚጠቀምባቸው ሳይታወቅ የተጀመሩ ነበሩ ብለን እንገምታለን። የጎን ሥራ መንገድ ላይ የሚቀረው ሠሪው ችሎታ ስላነሰው ወይም ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ «የት አደረስከው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ነው። እናትዎ ግን ይጠይቁዎታል፤ ያውም ቡና ሲፈላ፣ ሰው ባለበት።

ለምሳሌ ብዙ ድረ ገጾች የተሠሩበትን፣ ምናልባትም እርስዎ በየቀኑ የሚጽፉበትን ፒኤችፒ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይመልከቱ። ራስመስ ለርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1994 መጻፍ የጀመረው የራሱን የሥራ ልምድ መግለጫ በኢንተርኔት ላይ ማን ማን እንደሚያየው ለማወቅ ነበር፤ ስሙም መጀመሪያ ላይ «የግል መነሻ ገጽ» ከሚል ሐረግ የተወሰደ ምኅጻር ነው። በተከታዩ ዓመት ለሌሎች አካፈለው፤ ሌሎችም የየራሳቸውን እየጨመሩበት አደገ። ሲጀመር ግን የአንድ ሰውን አንድ ጥያቄ ከመመለስ የዘለለ ዓላማ አልነበረውም።

የዚህ ዓምድ አዘጋጅም በዚህ ጉዳይ የተማረው በራሱ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ለሠፈሩ ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። የዕቃ ቆጠራ፣ የትርፍ ስሌት፣ በቀለም ያጌጠ ሰንጠረዥ ነበረው፤ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ባለሱቁ ሁለት ሳምንት ሞከረውና ወደ ደብተሩ ተመለሰ። ለምን እንደተወው ብጠይቀው «ደብተሩ መብራት አይጠፋበትም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ከባንኮኒው ጀርባ ቁጭ ብዬ አንድ ከሰዓት ዋልኩና ባለሱቁ ከልቡ የሚቸገረው በወሩ መጨረሻ የእያንዳንዱን ቤት ዕዳ ሲደምር ብቻ መሆኑን አየሁ። ሌላውን ሁሉ አውጥቼ ጣልኩና ድምሩን ብቻ አስቀረሁለት። በዚያ አንድ ገጽ ሱቁን እስኪዘጋ ድረስ ተጠቅሞበታል። አራት ወር ከመድከሜ በፊት ያንን አንድ ከሰዓት ብቀመጥ ኖሮ ምን ያህል በተሻለ!

ስለዚህ የመጀመሪያው እሑድ ሥራዎ ላፕቶፕ አይፈልግም። እናትዎ እቁቡን ሲሰበስቡ አጠገባቸው ይቀመጡና የሚዘገዩበትን፣ ገጽ ወደ ኋላ የሚገልጡበትን፣ ሰው የሚጠሩበትን ጊዜ ልብ ይበሉ። ግምታችን «በዚህ ሳምንት ያልከፈለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይሆናል የሚል ነው፤ የመጀመሪያው ፕሮግራምዎም ይህን ብቻ ይመልስ። የአባላት ስም፣ የሳምንቱ ክፍያና የዕጣና የዋስ ምልክት በአንድ ገጽ ላይ ይቀመጡ፤ ቀይና ሰማያዊውንም ቀለም እንዳለ ያቆዩት። እናትዎ ለዓመታት የለመዱትን ቀለም በአረንጓዴና በብርቱካናማ መቀየር ለእርስዎ ማስዋብ ቢመስልዎትም ለእርሳቸው አዲስ ቋንቋ መማር ነው። ደብተሩም ቢያንስ ለሦስት ወር ጎን ለጎን ይቀጥል።

ካሰቧቸው ነገሮች ሁለቱን እንዲተዉ እንመክራለን። አንደኛው ዕጣውን በኮምፒውተር ማውጣት ነው። ተጠቅልሎ በጣሳ ውስጥ የተናወጠ ወረቀት ሁሉም እያየው አንድ ሕፃን ሲያነሣው የሚፈጠረውን እምነት ፕሮግራም አይፈጥረውም። ፕሮግራሙን የጻፈው የጸሐፊዋ ልጅ ሲሆን ደግሞ፣ ዕጣው ለቅርብ ዘመድ በወጣ በመጀመሪያው እሑድ እርስዎም እናትዎም ሐሜት ላይ ትወድቃላችሁ። አባላቱ እንዲህ ቢጠረጥሩ አንፈርድባቸውም፤ ኮዱን ማንበብ አይችሉምና። ሁለተኛው ገንዘቡን በእርስዎ በኩል ማሳለፍ ነው። የሌላውን ሰው ገንዘብ ተቀብሎ መያዝና ማስተላለፍ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። አባላቱ እንደ ልማዳቸው በእጅ ወይም በቴሌብር ለገንዘብ ያዡ ይክፈሉ፤ የእርስዎ ገጽ መክፈላቸውን ብቻ ይመዝግብ።

አሁን ወደ ኮዱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ የውጭ አገር ማስተማሪያዎች የማይነግሩዎት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው የቀን አቆጣጠር ነው። ሳምንታዊ እቁብ ሰባት ቀን እየተደመረ ስለሚሄድ አያስቸግርም። ቆይተው ወርኃዊ እቁብ ሲጨምሩ ግን፣ ነሐሴ 12 ላይ አንድ ወር የሚደምር ፕሮግራም ጳጉሜን 12 የሚባል በዓለም ላይ የሌለ ቀን ያወጣልዎታል። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም እንደ 2011 እና 2015 ባሉት በዘመነ ሉቃስ ዓመታት፣ 6 ትሆናለች። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜን ደመወዝ ስለማያገኝ በወርኃዊ እቁብ ጳጉሜን የክፍያ ወር ትሁን ወይስ ትዘለል የሚለውን መወሰን የአባላቱ ድርሻ ነው፤ እርስዎ በኮድ አይወስኑላቸው።

ብዙ ፕሮግራመሮች አቆጣጠራችን ለኮምፒውተር እንደማይመች ሲያማርሩ እንሰማለን፤ እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። 12 ወራት እኩል 30 ቀን ስላላቸው ስሌቱ ከጎርጎርዮሳዊው ይልቅ የቀለለ ነው። ከዓመተ ምሕረቱ 1 ቀንሰው በ365 ያባዙ፤ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍለው ሙሉውን ቁጥር ብቻ ይጨምሩ፤ ያለፉትን ወራት በ30 አባዝተው ይደምሩ፤ ቀኑን ያክሉበትና በመጨረሻ 1724220ን ይደምሩ። የሚያገኙት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የሚጠቀሙበትን፣ ቀናትን በተከታታይ የሚቆጥረውን የዩልዮስ የቀን ቁጥር ነው፤ ከዚያ ወደ ጎርጎርዮሳዊ የሚመልስ የታወቀ ስሌት አለ። ለመፈተን ያህል መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. 2454356 መምጣት አለበት። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳምሮ ማሳየት ብቻ ከሆነ የፈለጉት፣ ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በዘመናዊ አሳሾች (ብራውዘሮች) ውስጥ ይህን ያለ ምንም ተጨማሪ ኮድ ይሠራዋል። ተጠቃሚው በእኛ አቆጣጠር የጻፈውን ቀን ተቀብሎ መለወጥ ግን የዚያ መሣሪያ ሥራ ስላልሆነ ከላይ ያለው ስሌት ያስፈልግዎታል። ሰዓትንም አይርሱ፤ «እሑድ 8 ሰዓት» ብለው እናትዎ የሚጽፉት ድረ ገጹ ለሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ለሰርቨሩ፣ 14 ሰዓት ነው።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ከ40 አባላት መካከል ፀሐይ የምትባል ሴት አትጠፋም። ይህንን ስም በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ መካከለኛውን ፊደል ደግሞ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ መጻፍ ስለሚቻል ንባቡ ሳይለወጥ 12 ዓይነት መልክ ሊኖረው ይችላል። ለኮምፒውተሩ 12 የተለያዩ ሴቶች ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው አድርገው ያስቀምጡና፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቅጂ አዘጋጅተው በዚያ ውስጥ ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ ያምጡ። ባለቤቱን የሚያስቀይመው የገዛ ስሙ ተለውጦ ሲታይ ነውና ቅጂው በገጹ ላይ አይውጣ። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥንም አይሥሩ፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ ካስፈለገም የአያት ስም ይበቃል። «ወ/ሮ» እና «አቶ» ከስሙ ተለይተው ይቀመጡ፤ አለበለዚያ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ሲያደርጉ ወይዘሮዎቹ ሁሉ «ወ» ላይ ይሰበሰባሉ።

ሦስተኛው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው፤ አባላቱን ለማስታወስ መፈለግዎ አይቀርምና። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ምልክት የሚወስደው ከአንድ ባይት ጥቂት ስለሚያንስ 160 ምልክት ይገባበታል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ተከፋፍሎ ስለሚላክ እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ 40 አባላትን በየሳምንቱ ስታስታውሱ ደግሞ ሒሳቡ ይታወቃል። «እቁብ፦ ነገ እሑድ 8 ሰዓት። መዋጮ 2000 ብር።» የሚለው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 31 ምልክት ነው። ለሰላምታ ከበቂ በላይ ቦታ ስለሚተርፍ ሰላምታውን ይጨምሩ፤ ያለ ሰላምታ የሚመጣ የገንዘብ መልእክት በእኛ አገር ክስ ይመስላል።

ስለ ጊዜዎ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሚገባ ሰው ራት በልቶ፣ «አንተ እኮ አይቲ ነህ» እየተባለ የአጎቱን ስልክ አስተካክሎ፣ በየማታው ሦስት ሰዓት እጽፋለሁ ቢል ራሱን እያታለለ ነው። ሁለት ምሽት አንድ አንድ ሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይያዙ፤ በሳምንት አራት ሰዓት ይሆናል። በዚህ ልክ ከስድስት ሳምንት የሚያልፍ ከሆነ ያሰቡት ሥራ ከአቅም በላይ ነውና ይቀንሱት። እያንዳንዱን ምሽት ሲዘጉ ነገ የሚጀምሩበትን ቦታ በአንድ መስመር በአማርኛ ጽፈው ይተዉ፤ ሐሙስ ማታ ተቀምጦ «ማክሰኞ ምን ላይ ነበርኩ?» እያሉ ግማሹን ሰዓት ማቃጠል የጎን ሥራ ዋና ጠላት ነው። በዕለቱ የጻፉትንም ቅጂ በኢንተርኔት ወደሚቀመጥበት ቦታ ሳይልኩ አይተኙ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ላፕቶፕን ምን እንደሚያደርገው እርስዎም ያውቃሉ።

ለሌሎች እቁቦች መሸጡን እናትዎ አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 40 ሳምንት፣ ከተጠቀሙበት በኋላ ያስቡት። ያን ጊዜ የማያውቋቸውን ሰዎች ስም፣ ስልክና የክፍያ ታሪክ መያዝ ስለሚጀምሩ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አስቀድመው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ በሚገኝ ድርጅት በፕሮግራመርነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ማታ ማታ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመለማመጃ ጥያቄ የሚያቀርብ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ኃላፊዬ ይህን ሰምቶ «እዚህ እስካለህ ድረስ የምትጽፈው ኮድ ሁሉ የድርጅቱ ነው» አለኝ። እውነት ነው? ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን ላልደብቅዎት።

መልስ፦ ኃላፊዎ የተናገሩት ከፊሉ እውነት ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ውስጥ ይቆጥረዋል፤ ተቀጣሪ በቅጥር ሥራው ላይ ሆኖ ያመነጨው ሥራ ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የቀጣሪው እንደሚሆን ይደነግጋል። ክርክሩ ያለው «በቅጥር ሥራው» በሚለው ላይ ነው። ድርጅትዎ ለምሳሌ የሆቴል መመዝገቢያ የሚሠራ ከሆነ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚጻፍ የተማሪዎች መለማመጃ የቅጥር ሥራዎ አካል ነው ለማለት ይከብዳል። ድርጅቱ ራሱ የትምህርት ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሥራ ውልዎ ውስጥ ሕጉ ከሚለው የሰፋ አንቀጽ ሊኖር ስለሚችል ውሉን ዛሬውኑ አውጥተው ያንብቡት።

የሚያስፈራን ላፕቶፑ ነው። መሣሪያው የድርጅቱ መሆኑ ብቻውን ባለቤትነቱን አይወስነውም፤ ግን ክርክር ሲነሣ ማስረጃው ያለው በእነርሱ እጅ ላይ ነው፤ ኮዱ በምን ሰዓት እንደተጻፈም ከዚያው ይታያል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ከዚያ ውጭ ያለው ጊዜ የእርስዎ ቢሆንም በምሳ ሰዓት «ትንሽ ብቻ» ብለው የጻፏት አሥር መስመር ነገሩን ታደፈርሰዋለች። ያገለገለም ቢሆን የራስዎን ኮምፒውተር ይግዙ፤ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይልም ለዚህ አይጠቀሙ። ድረ ገጹን ለሕዝብ ከመክፈትዎ በፊትም የሚሠሩትን በሁለት አንቀጽ ገልጸው ድርጅቱ ባለቤትነት እንደማይጠይቅ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያስፈርሙ። ብዙ ኃላፊዎች ገና ምንም ላላመጣ ነገር ይፈርማሉ፤ ገንዘብ ማምጣት ከጀመረ በኋላ የሚፈርም ግን እስካሁን አልገጠመንም። ካልፈረሙ ነገሩን ለጠበቃ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፕሮግራመር ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። ከሥራ መጥቶ ራት እንደበላ ኮምፒውተሩን ይከፍትና እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አይነሣም። ስጠራው «አምስት ደቂቃ» ይለኛል፤ አምስት ደቂቃው ሁለት ሰዓት ይሆናል። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው «አይገባሽም» ይላል። በየወሩ ደግሞ ለሰርቨር እያለ በዶላር ካርድ ይከፍላል። እስካሁን አንድ ብር አላስገባም። እኔ እየተበደልኩ ነው ወይስ እየተሳሳትኩ?

መልስ፦ እመቤት፣ «አይገባሽም» በሚለው ተበድለዋል። ምን እንደሚሠራ ለሚስቱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ያልቻለ ሰው ለደንበኛም ማስረዳት ስለማይችል፣ ይህ ንግግር ከትዳሩ በፊት ሥራውን ይጎዳዋል። ይህን አንቀጽ ከፈለጉ ያስነብቡት።

«አምስት ደቂቃ» የሚለውን በተመለከተ ግን ጥቂት እንከራከርለታለን። ፕሮግራመር ስሕተት ሲፈልግ የሚቀጥለው ሙከራ እንደሚያገኘው ከልቡ ያምናል፤ ስለዚህ በእያንዳንዷ ቅጽበት አምስት ደቂቃ የቀረው ይመስለዋል። በመካከል ሲጠራ ደግሞ በራሱ ውስጥ ይዞት የነበረው ሐሳብ ተበትኖ እንደገና ለመሰብሰብ ጊዜ ይፈጅበታል። በመሆኑም በሥራው መካከል ከመጥራት ይልቅ ከመቀመጡ በፊት «ዛሬ የምትጨርሰው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ አንድ የተወሰነ ነገር ከሆነ ያ ሲያልቅ መነሣት ይችላል። መልሱ «እስኪ አያለሁ» ከሆነ ያ ምሽት እስከ 7 ሰዓት መሄዱ የማይቀር ነውና ያን ዕለት ባይቀመጥ ይሻላል። ከሳምንቱ ሁለት ምሽት ለእርሱ ሥራ፣ ሌሎቹ ለቤቱ እንዲሆኑ መነጋገርም ይቻላል፤ ሁለቱን ምሽት ሲሰጡት ግን ሙሉ በሙሉ ይስጡት፣ በየመካከሉ አይጥሩት።

ስለ ዶላሩ፦ ክፍያው በየወሩ ስንት እንደሆነና ምን ምን እንደሚገዛ በወረቀት ይጻፍልዎት። ብዙዎቻችን ለጥቂት ጎብኚዎች ብለን ለሺዎች የሚበቃ ሰርቨር ተከራይተን እንገኛለን፤ ከዓመት በፊት የተዉነው ፕሮጀክት ሰርቨርም ሳይዘጋ እየቆጠረ ይገኛል። ባለቤትዎን «አሁን ሰው የሚገባበት የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁትና፣ ማንም የማይገባበትን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ዝጉት።